በጭቃውና በብሎኬቱ መካከል

ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ወደ ከተማው በሚያዘቀዝቀው ተዳፋት ላይ፣ አባቴ በ1958 ዓ.ም. ያሠራው ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት አለ። ቋሚው፣ ማገሩና ወጋግራው ባሕር ዛፍ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ወለሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሚንቶ የተደረገ ነው። እናቴ ዛሬም የምትኖረው እዚያው ነው። በ2014 ዓ.ም. ከዚህ ቤት ጎን ሁለት መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤትና ማዕድ ቤት በብሎኬት ለመቀጠል ስንነሣ፣ ምክር የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ያስጠነቀቀኝ ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ ዋጋ ነበር፤ ስለ መጋጠሚያው ያነሣልኝ ሰው ግን አልነበረም። በባዶ መሬት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ስሕተቱ ሁሉ የራሱ ነው። ቤት የሚቀጥል ሰው ግን ሌላ ሰው ከሃምሳ ስድስት ዓመት በፊት በዓይን ልክና በገመድ ከወሰነው ነገር ጋር ተስማምቶ መሥራት ይኖርበታል። ያስቸገረን፣ ገንዘብ ያስወጣንና እርስ በርስ ያጣላን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የተገኘው አሮጌውና አዲሱ በሚገናኙበት፣ ስድስት ሜትር በማይሞላው መስመር ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የመጣው ጥያቄ መቀጠል ይሻላል ወይስ ማፍረስ የሚለው ነበር። ሜሪላንድ የምትኖረውና የወጪውን ግማሽ የምትሸፍነው እኅቴ፣ አሮጌው ፈርሶ ጂ+1፣ ማለትም ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ እንዲሠራ ትፈልግ ነበር፤ በጭቃ ቤት ላይ ብሎኬት መቀጠል ባለቀ ነጠላ ላይ አዲስ ጥለት እንደ መስፋት ነው አለችኝ በስልክ። አነጋገሯ አሳቀኝ እንጂ ሐሳቧ ስሕተት አልነበረም። እናቴ ግን አልሰማችም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ አባቴ ለኪራይ ያሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሄዳ የቀረን ይህ ብቻ ነበርና፣ «መንግሥት ያልወሰደብኝን ቤት ልጆቼ ያፍርሱብኝ?» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እኔም በበኩሌ ከስሜት ውጪ የሆነ ምክንያት ነበረኝ። አሮጌውን አፍርሶ የጀመረ ሰው ገንዘቡ መሐል ላይ ቢያልቅበት አሮጌውንም አዲሱንም ያጣል፤ በሰፈራችን ሶሌታቸው (የአርማታ ንጣፋቸው) ሳይሞላ ለዓመታት የቆሙ ሁለት ቤቶች አሉ፣ ባለቤቶቻቸውም ኪራይ ቤት ነው ያሉት። የሚቀጥል ሰው ግን ቢያንስ እናቱን ከአልጋዋ ሳያነሣ መሥራት ይችላል።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ የተሣለው ዋናው ቤት ብቻ ነው፤ ከጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ማዕድ ቤት በካርታው ላይ የለችም። ስለዚህ ፕላኑ የተሠራው እሷ እንደሌለች ተቆጥሮ ሲሆን፣ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊትም እንድትፈርስ ተጠየቅን፤ እናቴ ሰባት ወር ሙሉ በግቢው ውስጥ በሸራ ጥላ ሥር አበሰለች። በጊዜው ይሠራበት በነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ በምድብ «ሀ» ስለሚመደብ፣ የተጠየቅነው ሰነድ ለፎቅ ቤት ከሚጠየቀው በብዙ ያነሰ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ምድብ «መሐንዲስ አያስፈልግም» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔም እንደዚያ ልተረጉመው ዳር ደርሼ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም የሆነው ወጣት መሐንዲስ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ቦታውን ባያይልኝ ኖሮ የእናቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ቁፋሮው ውስጥ ይገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭቃ ቤት ከግድግዳው ሥር የድንጋይ መሠረት ላይኖረው ይችላል፤ የኛም የለውም። ቋሚዎቹ በቀጥታ አፈር ውስጥ ተቀብረዋል፤ ግድግዳውን የያዘው በዙሪያው ያለው የጠቀጠቀ መሬት ነው። ዋናው ግንበኛ ያሰበው ግን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አጣብቆ አንድ ሜትር ከሃያ ቆፍሮ የድንጋይ ግንቡን እዚያው ለማስነሣት ነበር። መሐንዲሱ መለኪያውን ዘርግቶ ካየ በኋላ፣ የኮለኖቹ፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶዎቹ፣ መሠረት ከአሮጌው ግድግዳ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ እንዲቆፈርና የወለሉ ቢም (አግድሙ የአርማታ ተሸካሚ) ከኮለኑ አልፎ እንደ ክንድ እንዲዘረጋ፣ የብሎኬቱ ግድግዳም በዚያ ክንድ ላይ እንዲቆም ወሰነ። የፌሮው ወጪ ጨመረ፤ ነገር ግን የአሮጌው ቤት እግር አልተነካም። ቦሌ ቡልቡላ የሠራ ወዳጄ በበኩሉ ችግሩ ሌላ ነበር፤ የእሱ መሬት በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ስለሆነ፣ ገንዘቡን የጨረሰው አፈሩን አውጥቶ በሲኖትራክ ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) ሲሞላ ነው። የኛ ተዳፋት ቀይ አፈርና ከሥሩ አለት ነው፤ ለመሸከም ጥሩ፣ ለመቆፈር ግን ዲጂኖ የሚያጣምም።

በዚያው ቁፋሮ ጫፍ ላይ የአሮጌው ቤት ሦስት ቋሚዎች ሥራቸው በስብሶ አገኘናቸው፤ ምስጥም ርጥበትም ተባብረውባቸዋል። ከመሬት በላይ ያለው እንጨት ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ከሥር እጅ ሲነካው እንደ ትንባሆ ይፈረፈር ነበር። ግድግዳው የቆመው ቋሚው ተሸክሞት ሳይሆን ጭቃው ደርቆ ራሱን በራሱ ይዞ ነው። የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጠን፣ ጣሪያውን በአጠና ደግፈን፣ በእያንዳንዱ ቋሚ ሥር ድንጋይና አርማታ አስገባን። ቤት ለመቀጠል የሚያስብ ሰው ለማስፋፊያው አንድ ብር ከማውጣቱ በፊት የአሮጌውን ቤት እግር በሁለት በሦስት ቦታ ቆፍሮ እንዲያይ እመክራለሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ሁለቱን ግድግዳዎች ማያያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነበር። ግንበኛው በየሁለት ረድፍ ብሎኬቱ ፌሮ አውጥቶ ከአሮጌው ቋሚ ጋር በሽቦ ሊያስር፣ ከዚያም በላዩ ለስኖ አንድ ግድግዳ ሊያስመስለው ፈለገ። መሐንዲሱ በሁለቱ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው አለ። አዲሱ ቤት ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክረምቶች ትንሽ መስመጡ አይቀርም፤ የእንጨትና የጭቃው ቤት ደግሞ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ይለቃል፤ የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ሁለት ግድግዳዎች ያሰረ ሰው ስንጥቁ የት እንደሚወጣ መምረጥ አይችልም፤ ክፍተት የተወ ሰው ግን ቦታውን ራሱ መርጧል ማለት ነው። ግንበኛው ይህን ሰምቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ግድግዳና ግድግዳ ተኳርፎ ቆሞ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ክፍተቱን በአንድ በኩል ብቻ በተመታ ጣውላ ሸፈንነው፤ ሌላው ጫፉ በጭቃው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይንሸራተታል እንጂ አልተያያዘም። ላየው ሰው ጌጥ ይመስላል።

ወለሉ ላይ ግን ጌጥ የሚሸፍነው ነገር አልነበረም። ፕላኑ ላይ የአዲሱ ቤት ወለል ከአሮጌው 38 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር የተሣለው፤ ምክንያቱም ተዳፋቱ ወደዚያ ይወጣል። በወረቀት ላይ ሁለት ደረጃ ማለት ነው፤ ለማንም ሰው ቀላል ነው፤ ጉልበቷን ለምታማትና መታጠቢያ ቤቱ ለእሷ ተብሎ ለሚሠራላት ሴት ግን በሌሊት ሁለት ደረጃ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። የአሮጌውን ወለል እናንሣው ብንል የበሩ ጉበን ከሰው ቁመት በታች ይሆናል። በደረጃው ፈንታ ተዳፋት መተላለፊያ እናድርግ ብንል፣ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ስለሚያስፈልግ 38 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ይፈልጋል፤ ያን ያህል ቦታ ደግሞ የለንም። ስለዚህ አዲሱን ቤት ዝቅ ለማድረግ ወሰንን፤ ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ እስኪሆን ድረስ አለቱን ፈለጥን፤ መተላለፊያውም 1 ሜትር ከ80 ሆኖ ተስተካከለ። አሥራ ሁለት ቀን የፈጀ የመዶሻና የዲጂኖ ሥራ ነበር፤ እኅቴ በየቀኑ የምልክላትን ፎቶ አይታ፣ «ዛሬም ድንጋይ ነው?» ስትል ነበር። ቤቱን ዝቅ ማድረጋችን ሌላ ዕዳ አመጣ፤ ከላይ ከጎረቤት ግቢ የሚወርደው ጎርፍ አሁን የሚያየው የኛን የጀርባ ግድግዳ ሆነ፤ ስለዚህ ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቆ በድንጋይ የተገነባ ቦይ አሠርተን ውሃውን በዙሪያ ወደ መንገድ አወጣነው። ከሁሉም ውሳኔያችን በዚህ በወለሉ ከፍታ ጉዳይ ያደረግነውን አንድም ቀን አልተጸጸትኩበትም።

የተጸጸትኩት በጣሪያው ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። መሐንዲሱ አዲሱ ጣሪያ ከአሮጌው ከፍ ብሎ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ብቻ እንዲያዘቀዝቅ መክሮኝ ነበር። እኔ ግን ከመንገድ ሲታይ ሁለቱ ጣሪያዎች እኩል ከፍታ ኖሯቸው እንዲታዩ ስለፈለግሁ፣ ሁለቱም ወደ መሐል እንዲያዘቀዝቁና ውሃው በመካከላቸው ባለ አንድ አሸንዳ እንዲወርድ አዘዝሁ። አሸንዳው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ቆርቆሮውም ቀጭን። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ዘነበ፤ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣው ነፋስ ያከማቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል የመውረጃውን አፍ ዘግቶት ስለነበር፣ በረዶው በላዩ ላይ ሞልቶ ውሃው ወደ ኋላ ከቆርቆሮው ሥር ገባ። እናቴ ኮርኒሱ ከመውደቁ ጥቂት ደቂቃ በፊት ከአልጋዋ ተነሥታ ነበር። በማግስቱ ያገኘሁት ቆርቆሮ ሠሪ ቀና ብሎ አይቶ ምንም ሳይናገር በእጁ ስፋቱን ለካና ራሱን ነቀነቀ። አሁን ያለው አሸንዳ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ የተሠራ ነው። (ስለ ጌጅ ቁጥር ለማያውቅ ሰው፦ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ሻጮች «35» ሲሉህ የሚበልጥ እንዳይመስልህ።) በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ የሚሄድ ሲሆን በሁለቱም ጫፍ መውረጃ ተደርጎለታል። ሁለት ጣሪያ ውሃውን መሐል ላይ የሚያገናኝበት አሠራር በዚህ ከተማ ክረምት ፈጽሞ መመረጥ የለበትም የሚል እምነት አለኝ፤ እኔ ገንዘብ ስላለቀብኝ ብቻ አሻሽዬ ተውኩት እንጂ።

ሁለተኛው የመልክ ፍለጋ ጥፋት የጋራችን ነው። እኅቴ አሮጌውና አዲሱ ቤት ከውጭ አንድ እንዲመስሉ ስለፈለገች፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ የዶሮ ሽቦ መትተን በሲሚንቶ ለሰንነው። በከተማችን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ያምራል። በዓመቱ ግን በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ከበሮ የሚጮኽ ቦታ በዛ። የሲሚንቶው ልስን ጠንካራና ርጥበት የማያስተነፍስ ነው፤ ጭቃው ከሥር የሚስበው ርጥበት መውጫ አጥቶ ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል፣ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ልስኑም ለብቻው ይንጠለጠላል። ስንልጠው ከነሽቦው እንደ ቆዳ ተገፎ ወረደ። መልሶ በጭቃ ለመምረግ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሁለት ሳምንት ዞርኩ፤ ብሎኬት በቱንቢ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ወጣት ሞልቷል፣ ጭቃና የጤፍ ጭድ አብኩቶ ስንት ቀን ማቆየት እንደሚገባ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በመጨረሻ ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት መጡልን። ጭቃውን በየቀኑ እየረገጡና ውሃ እየጨመሩ ዘጠኝ ቀን አብላሉት፤ ሽታው ጎረቤት ድረስ ደርሶ ነበር። ለመጀመሪያው ወፍራም ምርጊት አንድ ሳምንት ማድረቂያ ሰጥተው፣ ሁለተኛውን በቀጭኑ መረጉና በኖራ ቀቡት። እናቴ እኚህን አዛውንት ከሁሉም ሠራተኛ አብልጣ አከበረቻቸው፤ ቡናም ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር እስከ ሦስተኛው የምትጠጣው።

ስለ ዕቃ መግዣና ስለ ሠራተኛ ሁሉም ሰው የሚለው ስላለ ብዙ አልጨምርም። ዋናውን ግንባታ የእጅ ዋጋውን በቁርጥ ተዋዋልን፤ አሮጌውን ቤት የሚነካውን ሥራ ሁሉ ግን በቀን ከፈልን፤ ምክንያቱም ቁርጥ የተዋዋለ ሰው የበሰበሰ ቋሚ ቢያይ አልፎት መሄድ ነው የሚጠቅመው። በዚያ ዓመት ሲሚንቶ እየጠፋ ዋጋውም በየሳምንቱ እየተለወጠ ስለነበር ፈርቼ አስቀድሜ ብዙ ገዛሁ፤ ከመካከሉ አሥራ አንዱ ከረጢት በመጋዘን ርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ጓጎለብኝ። ውሃም በፈረቃ ይመጣ ስለነበር አርማታ የምንሞላበትን ቀን የምንመርጠው በመሐንዲሱ ሳይሆን በቧንቧው ነበር። የተሞላ ቢምና ኮለን ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ውሃ በማይመጣባቸው ቀናት ጆንያ አርጥበን እያለበስንና ከበርሜል እየቀዳን አጠጣነው። ይህን የሚሠራ ሰው በውሉ ላይ በስም ካልተጠቀሰ ማንም እንደማይሠራው ያወቅሁት በሁለተኛው ቀን ደርቆ ያገኘሁትን ኮለን ነክቼ ነው።

ከዚያው ከመጋጠሚያው የመጣ አንድ ሌላ ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። ሠራተኛው የአዲሱን ማዕድ ቤት መስመር ከአሮጌው ቤት ሶኬት ሊቀጥል ነበር፤ ቅርብ ነው፣ ሽቦም ይቆጥባል። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲታሰብ እስከ 18 አምፔር ማለት ነው፤ የአሮጌው ቤት ሽቦ ደግሞ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ሲሆን የሚያልፈውም በደረቀ እንጨትና በጭድ መካከል ነው። ከቆጣሪው ጀምሮ ለምጣዱ ብቻ የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም መስመር አስዘረጋን። ይህን የወሰንኩት አዋቂ ሆኜ ሳይሆን እናቴ፣ «ያኛው ሶኬት ምጣድ ሲሰካበት ይሞቃል» ብላ ስለነገረችኝ ነው፤ ለዓመታት ያወቀችውን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

እኅቴ በመጨረሻ ያነሣችው ጥያቄ፣ ለወደፊት ፎቅ እንዲሆን ኮለኖቹን ከጣሪያ በላይ አሳልፈን ፌሮውን ለምን አናቆምም የሚል ነበር። በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ለነገ ተብሎ የቆመ፣ ዝናብ እየመታው የዛገ ፌሮ ስንት ነው! አንዳንዱ ልጆቹ አድገው ከቤት እስኪወጡ ድረስ ቆሟል። ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ነገር ግን ለፎቅ የሚሆን መሠረት ዛሬ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ፎቁ ቢሠራ ደግሞ የአሮጌው ቤት ብቸኛ ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቁ መስኮት ይጨልማል። እናቴ ጠዋት ጠዋት የምትቀመጠው እዚያ መስኮት ሥር ነው። በዚህ ላይ እኅቴ ሳትከራከር ተወችው፤ ለምን እንደተወችው አልጠየቅኋትም።

በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የሚነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ ሰው ከፎቅ በሚወርድበት ሰሞን፣ አንድ ሌሊት አልጋዬ ሲወዛወዝ ነቅቼ የመጀመሪያው ሐሳቤ ያ ክፍተት ነበር። ጠዋት ሄጄ መጋጠሚያውን የሸፈነውን ጣውላ አየሁት፤ በኖራው ላይ የጥፍር ያህል አዲስ ጭረት ትቶ ተንሸራትቷል፤ ከዚያ በቀር በሁለቱም በኩል ስንጥቅ አልነበረም። ንዝረቱ ጉለሌ ሲደርስ ደካማ ስለነበር ሁሉንም ለክፍተቱ መስጠት አልችልም። ለግንበኛው ግን ደወልኩለት፤ «ጋሼ፣ አሁን የምሠራውም ቤት ላይ ትቻለሁ» አለኝ።

በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ መሰላል ይዤ እሄድና አሸንዳውን እጠርጋለሁ። ዘንድሮ የወጣው ቅጠል አንድ ማዳበሪያ ሞላ፤ እናቴ አድርቃ ለማገዶ አስቀመጠችው።